ኩላሊት ላይ ያለው ጆሮም ውስጥ አለ

ኩላሊትና ጆሮ ዘመድ ናቸው። የምሬን ነው። የኩላሊት ሴሎች ሽፋናቸው ላይ የሚሰኩትን ፕሮቲን ፈልጋችሁ ብትሄዱ የውስጥ ጆሮ ላይ ታገኙታላችሁ፣ አንጀት ላይ ታገኙታላችሁ፣ ሳንባም ዓይንም አንጎልም ላይ ታገኙታላችሁ። ሁሉም ፕሮቲን ሁሉም ቦታ አለ ማለቴ አይደለም። ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። እኔ እዚሁ ጎንደር መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ከምሸጠው መድኃኒት ብዙው የሚሠራው እንዲህ ያለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። መድኃኒት ደግሞ የታዘዘለትን ቦታ ለይቶ አያውቅም፣ ያ ፕሮቲን ባለበት ሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ የኩላሊት ፕሮቲን ሌላ የት እንዳለ ማወቅ የተማሪ ፈተና ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ታማሚው ምን ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት የሚወስን ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ኩላሊት ምን እንደሚሠራ። ሁለቱ ኩላሊቶቻችን በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። የምንሸናው ግን አንድ ሁለት ሊትር ነው። ቀሪው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ከባዱ ሥራ ይሄ መመለሱ ነው። የሴል ሽፋን ቅባት ስለሆነ ጨውም ስኳርም ዝም ብለው አያልፉትም፤ ስለዚህ ቱቦው ላይ የተደረደሩት ሴሎች ሽፋናቸው ላይ ፕሮቲን ይሰካሉ፣ አንዱ ውሃ ብቻ ያሳልፋል፣ አንዱ ሶዲየምና ስኳርን አንድ ላይ ያስገባል፣ ሌላው ኃይል እያቃጠለ ሶዲየሙን ወደ ደም በኩል እየገፋ ፖታሲየም ወደ ውስጥ ይስባል።

ይሄን የመጨረሻውን ዴንማርካዊው የንስ ስኮ በ1957 ሲያገኘው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ይመረምር የነበረው ኩላሊት አልነበረም። የሸርጣን ነርቭ ነበር። በ1997 ኖቤል ተሸለመበት። ዛሬ የሰውነታችን ሴል ሁሉ ላይ አለ ማለት እንደሚቻል እናውቃለን፣ ኩላሊት ላይ ደግሞ በጣም ይበዛል። ልብ ጡንቻ ላይ ያለውን ዲጎክሲን የሚባለው የልብ መድኃኒት ይይዘዋል። ዲጎክሲን ራሱ በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ነውና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መጠኑ መቀነስ አለበት። ይሄን ስል አንባቢ መድኃኒቱን በራሱ እንዲቀንስ አይደለም፣ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ነው።

ጎንደር ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ መሆን የለበትም። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው ቤተ መንግሥት፣ ቀሃ በኩል ያለው የጥምቀቱ መዋኛ፣ ወጣ ብሎ ያለው የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም። አንዱ መኖሪያ ነበር፣ አንዱ የውሃ ቦታ ነው፣ አንዱ ደብር ነው። ድንጋዩና ኖራው ግን ያው ነው። ሰውነትም አንድ ጊዜ የሠራለትን ፕሮቲን ሌላ ቦታ ላይ ብዙውን ጊዜ እንደገና አይፈጥርም፣ ያንኑ ወስዶ ይሰካዋል። ልዩነቱ የሚመጣው የት እንደተሰካና ከጎኑ ማን እንዳለ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው የአኳፖሪንን፣ የዚያን ውሃ ብቻ የሚያሳልፈውን ፕሮቲን፣ ታሪክ ነው። ፒተር አግሬ የደም ሐኪም ነው። ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ በ1980ዎቹ ሲያጠና የነበረው አርኤችን ነው፣ ያው የደም ዓይነታችንን ስንናገር ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ የሚያሰኘንን። ከቀይ የደም ሴል ሽፋን ላይ የአርኤችን ፕሮቲን ለመለየት ሲሞክር አንድ ያልጠራው ትንሽ ፕሮቲን አብሮ እየመጣ አስቸገረው። ቆሻሻ ነው ብሎ መጣል ይችል ነበር። አልጣለውም። ብዛቱ አስገረመው፣ ተከታተለው። ኩላሊት ውስጥ ሲፈልጉትም ሞልቶ ተገኘ። እንግዲህ ቀይ የደም ሴልንና የኩላሊት ቱቦን ምን ያመሳስላቸዋል? ሁለቱም ውሃን በጣም በፍጥነት ያሳልፋሉ። በ1992 የዚህን ፕሮቲን አር ኤን ኤ (ፕሮቲኑ የሚሠራበትን ትእዛዝ) እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ከተቱና እንቁላሉን ጨው የቀነሰ ውሃ ውስጥ አስገቡት። እንቁላሉ እብጥ ብሎ ፈነዳ። ያልተከተተበት እንቁላል ግን እንዳለ ቆየ። ውሃ የሚገባበትን መንገድ አገኙት ማለት ነው። በ2003 አግሬ የኬሚስትሪ ኖቤልን ከሮድሪክ ማኪነን ጋር ተካፈለ።

ልብ በሉ፣ የኩላሊት ትልቁ የውሃ መተላለፊያ የተገኘው ከደም ነው። ኩላሊትን ብቻ ሲያይ የኖረ ሰው ላያገኘው ይችል ነበር። ይሄው ፕሮቲን ላይ ኮልተን የሚባል የደም ዓይነት ምልክት አለ፤ እጅግ በጣም ጥቂት ሰዎች ፕሮቲኑ ሳይኖራቸው ይወለዳሉ። ሲታዩ ጤነኛ ናቸው። ውሃ ሳይጠጡ ሲቆዩ ግን ሽንታቸው እንደ ሌላው ሰው ሽንት አይወፍርም፣ ኩላሊታቸው ውሃውን የማስቀረት አቅሙ ይጎድለዋል። ደም ባንክ ውስጥ የታየ ብርቅ የደም ዓይነት ስለ ኩላሊት ነገረን ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

አኳፖሪን ብዙ ወንድሞች አሉት። ሁለተኛው ፀረ ሽንት ሆርሞን ሲመጣ ወደ ሽፋኑ ብቅ የሚለው ነው፣ እሱ በአብዛኛው የኩላሊት ነው። አምስተኛው ምራቅና እንባ ዕጢዎች ላይ አለ። አራተኛው ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ኩላሊት ውስጥ የመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ላይ፣ በደም በኩል ባለው ጎን ይገኛል፤ ከዚያ የበለጠ የሚበዛው አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፣ ደም ሥሮችን የሚያቅፉት ሴሎች ጫፍ ላይ። ኒውሮማየላይተስ ኦፕቲካ የሚባል ከባድ በሽታ አለ። ሰውየው ድንገት ዓይኑ ይጠፋል ወይም እግሩ ይሽመደመዳል። በ2004 ተመራማሪዎች የታማሚዎቹ ደም ውስጥ ልዩ አንቲቦዲ አገኙ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሚያጠቃው አኳፖሪን አራትን መሆኑን አሳዩ። የራሱ መከላከያ የራሱን የውሃ መተላለፊያ እየመታው ነው።

ታዲያ ፕሮቲኑ ኩላሊት ላይም ካለ ኩላሊቱ ለምን አብሮ አይመታም? ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። አንዱ ምክንያት የኩላሊት ሴሎች ከጎኑ ሌሎች ተከላካይ ፕሮቲኖች መያዛቸው ነው፣ አንቲቦዲው ቢጣበቅም ሴሉን የሚበሳው የደም መከላከያ ሥርዓት እንዳይጨርሰው ያግዱታል። ስለዚህ «ፕሮቲኑ እዚያ አለ» ማለት «እዚያም ይጎዳል» ማለት አይደለም። የማውቃቸው ተማሪዎች ይሄን ሲያምታቱ አያለሁ፣ አይፈረድባቸውም፣ መጽሐፎቹም በሰንጠረዥ ብቻ ነው የሚነግሩን።

ወደ አንጀት እንውረድ። ልጁ ተቅማጥ ይዞት መድኃኒት ቤት ለሚመጣ ወላጅ መጀመሪያ የምንሰጠው ኦአርኤስ ነው። ጨውና ስኳር በውሃ። ስኳሩ ለጣዕም ይመስላል፣ ግን ያለ ስኳሩ ጨዉ እንዲህ አይገባም። አንጀት ላይ ኤስ ጂ ኤል ቲ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ ሶዲየምና ግሉኮስ አንድ ላይ ሲመጡለት ሁለቱንም ያስገባል፣ ውሃውም ይከተላል። ይሄን አብሮ የመግባት ሐሳብ ሮበርት ክሬን በ1960 ፕራግ ላይ ነው ያቀረበው። ያው ፕሮቲን ኩላሊት ቱቦ ላይም አለ፣ ግን እዚያ ዋናው ሠራተኛ ወንድሙ ኤስ ጂ ኤል ቲ 2 ነው፣ ከተጣራው ግሉኮስ 90 በመቶ ያህሉን የሚመልሰው እሱ ነው። አሁን ስኳር ላለባቸው የሚታዘዘው ዳፓግሊፍሎዚን የሚዘጋው ይሄንን ሁለተኛውን ነው፤ ስኳሩ በሽንት ይወጣል።

መድኃኒቱ እዚህ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነበር። በ1835 ከፖም ዛፍ ልጥ ፍሎሪዚን የሚባል ነገር ተለይቶ ነበር፣ በኋላም ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጣ ታወቀ። ችግሩ የኩላሊቱን ብቻ አልዘጋም፣ የአንጀቱንም ይዘጋል። የአንጀቱ ፕሮቲን ሲዘጋ ተቅማጥ ነው። ስለዚህ አንጀቱን ትቶ ኩላሊቱን የሚዘጋ ሞለኪውል እስኪሠራ መጠበቅ ግድ ሆነ። ፕሮቲን የት የት እንዳለ የማወቅ ጥቅሙ ይሄው ነው።

እዚህ ላይ እኔን አሁንም የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት ዳፓግሊፍሎዚን የልብ ድካም ያለባቸውን፣ ስኳር የሌለባቸውንም ጭምር፣ እንደሚጠቅም አሳየ። የልብ ጡንቻ ላይ ግን ኤስ ጂ ኤል ቲ 2 የለም ማለት ይቻላል። ጥቅሙ ከየት መጣ? ጨውና ውሃ በመቀነሱ፣ የደም ግፊት በመውረዱ፣ የልብ የኃይል አጠቃቀም በመለወጡ የሚሉ ማብራሪያዎች አሉ፣ ክርክሩም ቀጥሏል። ፕሮቲኑ የሌለበትም ቦታ ይነካል እንግዲህ።

ኩቢሊንን ባልፈው ይቆጨኛል። አንጀት መጨረሻ ላይ ቫይታሚን ቢ 12ን የሚቀበል ፕሮቲን ነው፣ ኩላሊት ላይ ደግሞ ያመለጡ ፕሮቲኖችን ከሽንት ይመልሳል። ኖርዌይ ውስጥ ኦልጋ ኢመርስሉንድ፣ ፊንላንድ ውስጥ ራልፍ ግሬስቤክ በ1960 ደም ማነስ ያለባቸውን፣ ሽንታቸው ውስጥም ፕሮቲን የሚታይባቸውን ልጆች ጻፉ። ሁለት የማይገናኝ የሚመስል ምልክት ነበር፣ ደም ማነስና ሽንት። ምክንያቱ የኩቢሊን ወይም ከእሱ ጋር ተጣምሮ የሚሠራው ፕሮቲን መበላሸት ሆኖ ተገኘ። ሳንባ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኩላሊት ውስጥ ሶዲየም የሚያስገባው ኢናክ የሚባለው ቦይ፣ ሕፃን ሲወለድ ሳንባው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ መጥጦ እንዲያወጣ የሚያደርገው ያው ነው።

ራሳችሁ ማየት ለምትፈልጉ፣ ስዊድኖች በ2003 የጀመሩት የሰው ፕሮቲን አትላስ የሚባል ነፃ የመረጃ ቋት አለ። የፕሮቲኑን ስም ጽፋችሁ የሰውነት ክፍሎችን አንድ በአንድ ታያላችሁ፣ በቀለም ከተነከሩ የቲሹ ፎቶዎች ጋር። የኛ ኢንተርኔት ሲፈቅድ ማለት ነው። ስታዩ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የሚታየው አር ኤን ኤ ነው ወይስ ፕሮቲኑ ራሱ? ትእዛዙ ተጽፎ ፕሮቲኑ በብዛት ያልተሠራበት ቲሹ ሞልቷል። ፎቶው ላይ ፕሮቲኑን ለማሳየት የሚጠቀሙበት አንቲቦዲም አንዳንዴ የማይመለከተውን ፕሮቲን ይይዛል። ሁለተኛ፣ ከሴሉ በየትኛው ጎን ነው ያለው? በሽንት በኩል ያለና በደም በኩል ያለ ፕሮቲን ስሙ አንድ ቢሆንም የሚሠራው ለየቅል ነው።

አሁን ወደ ጆሮ። የውስጥ ጆሮ ውስጥ ኤንዶሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ፖታሲየም የሞላበት። ሌላው ከሴል ውጭ ያለ ፈሳሻችን ሶዲየም ነው የሚበዛበት፣ ይሄ ግን ተገልብጧል። ወደ 80 ሚሊቮልት የሚጠጋ የኤሌክትሪክ ልዩነትም አለው። ያለዚህ አንሰማም። ይሄን የሚሠራው የጆሮው ቲሹ ሥራው በመሠረቱ የኩላሊት ሥራ ነው፣ ጨው ማመላለስ። መሣሪያውንም ከዚያው ወስዷል። ባርቲን የሚባለው ፕሮቲን ሁለቱም ቦታ አለ። በ2001 እንደታወቀው እሱ የተበላሸበት ልጅ ገና በማኅፀን እያለ ብዙ ይሸናል፣ የሽርት ውሃው ይበዛል፣ ከተወለደ በኋላ ጨው በሽንቱ ይፈሰዋል፣ ጆሮውም አይሰማም። አሲድ የሚገፋው ፓምፕ አንዱ ክፍልም እንዲሁ ነው። ሲበላሽ ደሙ አሲድ ይበዛበታል፣ ጆሮውም ይደነቁራል፣ ይሄ በ1999 ታውቋል። ስለዚህ ደንቆሮ ሆኖ የተወለደ ልጅ የማያድግ፣ የሚያስታውክ፣ ውሃ ውሃ የሚል ከሆነ ኩላሊቱ ይታይለት። እባካችሁ።

ፉሮሴማይድም ከዚሁ ነው፣ ሰው ላሲክስ የሚለው። የሚዘጋው ኩላሊት ውስጥ ያለ ጨው አስገቢ ፕሮቲንን ነው፣ የዚያ የቅርብ ወንድም ጆሮ ውስጥ አለ። በደም ሥር በብዛትና በፍጥነት ሲሰጥ፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ፣ ጆሮ ጭው ይላል። ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ክኒኑን በተለመደው መጠን የሚወስድ ሰው መደንገጥ የለበትም። ቀስ ብሎ የሚሰጥበት ምክንያት ግን ይሄ ነውና ነርስ ሲያንጠባጥብ «ምን ያቆየዋል» አትበሉት።

ከሁሉ ቅርቤ የሆነው ካላዛር ነው። የአጎቴ ልጅ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ነው የያዘው። ዋልካው በተሰነጠቀበት፣ ግራር ባለበት ሜዳ ያለችው የአሸዋ ዝንብ ነች የምታመጣው። ትኩሳቱ አልለቀው አለ፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ተነፋ፣ ልጁ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ሕክምናው 17 ቀን ነበር፣ ሁለት ዓይነት መርፌ በየቀኑ፣ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው እሱን ነበር። ነፍሱን አትርፎታል፣ ያለሱ ካላዛር ይገድላል። ይሄ ከሁሉ በፊት ይነገር።

ፓሮሞማይሲን ግን የጄንታማይሲንና የስትሬፕቶማይሲን ዘመድ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ሲደርሱ ሜጋሊን የሚባል ግዙፍ ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃሉ። ሜጋሊን በ1982 በአይጥ ኩላሊት የተገኘ ነው፣ ሥራው ከተጣራው ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲንና ቫይታሚን ተሸካሚዎችን ለቅሞ ወደ ሴሉ ማስገባት ነው። መድኃኒቱንም አብሮ ያስገባዋል፣ ሴሉ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሴሉ ይጎዳል። ሜጋሊን የውስጥ ጆሮ ላይም፣ ታይሮይድና ፓራታይሮይድ ዕጢ ላይም፣ ሳንባ ላይም፣ ዓይን ውስጥም አለ። ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉት ፀጉር ያላቸው ሴሎች ጋ መድኃኒቱ በዋናነት የሚገባው ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው በራሳቸው ቦይ በኩል ነው፣ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ በሜጋሊን ማሳበብ አይቻልም። የሚያሳዝነው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ሲሞቱ ይተካሉ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ኩላሊቱ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። የሰው የጆሮ ፀጉር ሴል ግን ከሞተ አይተካም።

የአጎቴ ልጅ የታከመበትን ቦታ አልጠራም። ለኩላሊቱ ክሬቲኒን እየተባለ በየጊዜው ደም ይቀዳ ነበር፣ ያ ትክክል ነው። ስለ ጆሮው ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። መርፌው ሊያልቅ ሲል ጆሮው መጮህ ጀመረ፣ እሱ ደግሞ ከድካሙ መስሎት ዝም አለ። «አንቺ፣ ማን ጠየቀኝና ልንገራቸው» ነው ያለኝ በኋላ። ሊመለስ የማይችለው አካል ሳይጠየቅ ሊመለስ የሚችለው በየሳምንቱ ተለካ። ይሄ ያንገበግበኛል። ሐኪሞቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ ክሬቲኒን ቅጹ ላይ አለ፣ ጆሮ ቅጹ ላይ የለም።

መድኃኒት ለሚላመድ ቲቢ ይሰጡ የነበሩትን ካናማይሲንና ካፕሪኦማይሲን የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንዳይመከሩ አድርጓል፣ አንዱ ምክንያት የስንቱን ጆሮ መውሰዳቸው ነው። ለካላዛር ግን ፓሮሞማይሲን አሁንም ያስፈልገናል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ ታሞ የተመለሰ ወንድም ወይም ልጅ ያላችሁ፣ መርፌው ሲጀመር በየቀኑ እናንተ ጠይቁት፦ ጆሮህ ይጮኻል? ስትነሣ ያዞርሃል? ስልክ ስታወራ በአንዱ ጆሮ ይቀንስብሃል? አዎ ካለ ያኑ ቀን ለሐኪሙ ይነገር፣ መርፌውን ግን በራሳችሁ አታስቁሙት። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭን ድምፆችን ነው፣ ተራ ወሬ ለጊዜው ደህና ይሰማዋል፣ በዚህ ነው የሚሸወደው። የመስማት ምርመራ መሣሪያ ያለበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይለካ፤ ያ ቁጥር ከሌለ በኋላ ምን ያህል እንደጎደለ ማንም ሊነግረው አይችልም።